የውሃ መሳቢያ ሞተሮች፤ ቍጠባና አስተማማኝነት አይጣሉም





ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሄዱ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ኃይል ቍጠባ መነጋገር ተለምዷል። ነገሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ጨዋታው ወደ ውሃ መሳቢያ ሞተሮች ሲደርስ ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ «ተጠባባቂ ሞተር ገዝቶ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው» ሲል፥ ሌላው «ውሃው አይቋረጥ እንጂ ለኤሌክትሪኩ አንጨነቅ» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል።

ወደ አዲስ አበባ ከገፈርሳና ከለገዳዲ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ቍልቍለቱን ተከትሎ ይወርዳል። ከአቃቂ ጕድጓዶች የሚወጣው ግን ዝቅ ካለው ስፍራ ወደ ከፍታው በሞተር ጕልበት ይገፋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት፥ አንዳች ብክነት ባይኖር እንኳ፥ 0.82 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ማንም ሊቀንሰው አይችልም። ሞተሩና ፓምፑ ከሚቀበሉት ኃይል 70 በመቶውን ለሥራ ካዋሉት ወጪው 1.17 ይሆናል፤ አርጅተው ወደ 50 በመቶ ከወረዱ ግን 1.64 ይደርሳል። እንግዲህ ቍጠባ መፈለግ ያለበት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው እንጂ ተጠባባቂውን በማስቀረት አይደለም።

ብክነቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፥ «ለማንኛውም ይትረፈን» ብሎ ከልክ በላይ ትልቅ ፓምፕ ከመግዛት ነው። ውሃው ሲበዛ ቫልቩ በግማሽ ይዘጋበታል፤ ሞተሩም ከተዘጋ በር ጋር ሲታገል ይውላል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ከዚህም በላይ፥ ከተሠራበት ልክ ርቆ የሚሠራ ፓምፕ ስለሚንቀጠቀጥ ኩሽኔታውና ማሸጊያው ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ለአስተማማኝነት ተብሎ የተገዛው ትልቅነት ራሱ የብልሽት ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛ፥ አሸዋ የበላውን ፓምፕ «ገና ይሠራል» እያሉ ሳያድሱ ማቆየት ነው።

ተጠባባቂ ፓምፕ ግን ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ አይበላም። ልባሞቹ ደናግል በማሰሮ የያዙት ትርፍ ዘይት ብክነት እንዳልነበረ፥ ይህም ብክነት አይደለም። ሆኖም ዓመት ሙሉ ቆሞ የዛገ ተጠባባቂ በስሙ ብቻ የሚጠራ ስለሆነ፥ ከሌሎቹ ጋር በየተራው መሥራት ይገባዋል። በአንድ ግዙፍ ፓምፕ ፈንታ ሦስት መካከለኛ ፓምፖች ቢተከሉ፥ ሁለቱ ሲሠሩ አንዱ ያርፋል፤ የውሃው ፍላጎት ሲቀንስም አንዱ ብቻ ይበቃል።

አንዳንዶች የሞተር ፍጥነት መቈጣጠሪያ ሁሉን ያድናል ይላሉ። ረዥም ሜዳ በሚያቋርጥ ቧምቧ ላይ እውነት ብዙ ይቈጥባል። ነገር ግን የፓምፕ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የመግፋት ኃይሉ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል፤ ሥራው በአብዛኛው ዳገት መውጣት በሆነበት ስፍራ ውሃው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። መሣሪያው ሙቀትና አቧራ፥ የኤሌክትሪክ መዋዠቅም ስለሚጎዳው፥ ሲበላሽ ሞተሩን በቀጥታ የሚያስነሣ ሁለተኛ መስመር ሊኖር ያስፈልጋል።

«ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና ከእንግዲህ ስለምን እንቈጥባለን?» የሚል አይጠፋም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድብ ውሃ አንሶ ኃይል በፈረቃ መታደሉን አንርሳ። ደግሞም ኃይል ቢትረፈረፍ፥ የሰፈሩ መስመር ከተበጠሰ ፓምፑ ይቆማል። ለዚህ የሚበጀው በከፍታ ላይ የተሠራ በቂ ማጠራቀሚያ ነው፤ መብራት ሲኖር ይሞላል፥ ሲጠፋ በራሱ ይወርዳል።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ይመጣል፤ ጨረታውን የምንመረምር፥ ግዢውንም የምንፈርም እኛ ነንና። 100 ኪሎ ዋት የሚስብ ሞተር በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ፥ በዓመት 730,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ ሥራ በ65 በመቶ ፈንታ በ72 በመቶ ብቃት የሚሠራ ቢገዛ፥ በዓመት ወደ 71,000 ይተርፋል። ታዲያ በመግዣው ዋጋ ብቻ «ርካሽ» ያልነው ዕቃ፥ ሲውል ሲያድር ከውዱ ይበልጥ ሊያስከፍለን ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴዎች የመግዣውን ዋጋ፥ የኤሌክትሪኩን ወጪና የመለዋወጫውን መገኘት በአንድነት ይመርምሩ።

በመጨረሻም፥ ውሃ የሚገፋ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሁለት ቍጥሮችን ጎን ለጎን ቢያስታውቅ መልካም ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ ፈጀ፥ ውሃውም ስንት ሰዓት እንደ ተቋረጠ። የመጀመሪያው ብቻ ቢነገር፥ ቍጠባው በዳገቱ ሰፈር ጀሪካን ይዛ በምትጠብቅ እናት ትከሻ ላይ ተጭኖ እንደ ሆነ አናውቅም። ሁለተኛው ብቻ ቢነገር ደግሞ ብክነቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ