ከተጣለ ቆርቆሮ የሚወጣ የሕፃናት ጥበብ

የአገራችን ሕፃን መጫወቻውን ከሱቅ ሳይጠብቅ ከቤቱ ጥራጊ ውስጥ አንሥቶ መሥራቱ የቆየ ልማድ ነው። ያረጀ ካልሲ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ኳስ ይሆናል፤ ሽቦ ተጠማዞ መኪና፥ የጠርሙስ ቆርኪም ጎማው ይሆናል። አባቶቹም ቢሆኑ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቀደደ በረባሶ ተጫምተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከወዳደቀ ዕቃ ሥዕልና ቅርጽ ማሠራት ሲጀምሩ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው ብለን አንደነቅም። የሚያስደንቀን ሌላ ነው፤ ይኸውም ይህን የሕፃናት ችሎታ እኛ ታላላቆቹ ለትርኢት ብቻ መፈለጋችን ነው። እንግዳ ይጠራል፥ ይጨበጨባል፥ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሥራው ሁሉ ከአጥሩ ጥግ ተመልሶ ይወድቃል።

ነገሩን አቅልለን የማናየው ስለ ጤና ነው። በድሬዳዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የቺኩንጉኒያ በሽታ ብዙ ሕዝብ አልጋ ላይ ጥሏል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቢምቢ በቀን የምትናደፍ፥ ከሰው መኖሪያ የማትርቅ፥ እንቁላሏንም ውሃ በቋጠረ ቆርቆሮ፥ በአሮጌ ጎማና በበርሜል የምትጥል ናት። እንቁላሉ ውሃው ደርቆ እንኳ ለወራት ሳይሞት ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ይህም ሳይበቃ፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘች፥ ከእስያ የመጣች የወባ ቢምቢ አለች። እርሷም ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላትም ተመርምሮ ታውቋል። እንግዲህ ልጁ ከጓሮ የሚያነሣት አንዲት የሣልሳ ቆርቆሮ ትንሽ ነገር አይደለችም።

በፓራጓይ አገር፥ በአሱንስዮን ከተማ፥ ካቴውራ በሚባል የቁሻሻ መጣያ አጠገብ የሆነውን እዚህ ላይ እናነሣለን። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ፋቪዮ ቻቬስ የተባለ ሰው ለሠፈሩ ልጆች ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ፤ ነገር ግን ለልጆቹ የሚዳረስ መሣሪያ አልነበረውም። ኒኮላስ ጎሜዝ የተባለ፥ ከመጣያው ዕቃ እየለቀመ የሚኖርና አናጢነት የሚያውቅ ሰው ከቆርቆሮ ቫዮሊን፥ ከዘይት በርሜል ታላቁን ባለ ክር መሣሪያ ሠራላቸው። ልጆቹ በእነዚህ መሣሪያዎች በብዙ አገሮች ዞረው አሰምተዋል። እኛ የምናደንቀው ዝናቸውን ሳይሆን፥ የተሠራው ዕቃ ለአንድ ቀን ትርኢት ሳይሆን በየዕለቱ ለሥራ መዋሉን ነው። ሕፃናት በቁሻሻ ክምር አጠገብ ማደጋቸውን ግን ማንም እንደ በጎ ነገር አይቍጠረው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን አንረሳም።

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ አለ። ተማሪው ወደ ቁሻሻ መጣያ አይላክ፤ ከገዛ ግቢው ያገኘውን አጥቦ ያምጣ። መርፌ፥ የባትሪ ድንጋይና የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ በእጁ እንዳይነካ አስቀድሞ ይነገረው። የተቈረጠ ቆርቆሮን ስለት መምህሩ ራሱ ይጠፍ። ፌስታልንና ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለውን ጠርሙስ በእሳት እያቀለጡ ቅርጽ ማስያዝ፥ ጢሱ ሳንባን ስለሚጎዳ፥ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ልጁ ዕቃውን ሲሰበስብ ውሃ የቋጠረውን እየቈጠረ ይጻፍ፤ በውስጡ የሚርመሰመስ ትል ቢያገኝ ሥራው ያንኑ ያሳይ። የዚህ ዐይነት ሥራ ቦታው የርእሰ መምህሩ ቢሮ አይደለም፤ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ አጠገብ፥ በቀበሌው በርና በገበያው መግቢያ ነው። የጤና ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ አባት፥ የገዛ ልጁ የሠራውንና የገዛ በርሜሉን የሚመስለውን ነገር በጎረቤቶቹ ፊት ሲያይ ጥቂት ያፍር ይሆናል፤ ክዳን መፈለጉ ግን አይቀርም። (ይህን ስንል የሠራተኞችን ድካም መናቃችን አይደለም።)

ትርኢቱ ሲያልፍ ሥራዎቹ ዝናብ በማይደርስበት ጣራ ሥር ይቀመጡ። የአበባ መትከያ የሆነ ቆርቆሮ ከሥሩ በሚስማር ይበሳ፤ ወንበር ወይም የአጥር ጌጥ የሆነ ጎማ በብዙ ቦታ ይቀደድ፥ ወይም በአፈር ይሞላ። ይህም ዝናቡ ሳይጀምር ማለቅ አለበት።