አስማተኛው የት ሰፈር ይኖራል?

ልቦለድ ለመጻፍ የተነሡ ወጣቶች ከሚያሳዩኝ ንድፍ መካከል አንድ ዓይነቱ እየበዛ መጥቷል። ዓለሙ መብራት፣ መኪናና ስልክ የለውም፤ የእነሱን ሥራ የሚሠራው አስማት ነው። ካርታው ተሥሏል፣ የነገሥታቱ የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ ድግምቱ በሠንጠረዥ ተደርድሯል፣ ለተከታታዩም ከወዲሁ አምስትና ስድስት ቅጽ ተመድቦለታል። ትጋታቸው ደስ ይላል። እኔ ግን ንድፉን አገላብጬ ስጨርስ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አስማተኛው የት ሰፈር ይኖራል? ጎረቤቱስ ማነው?

ለቀልድ የምጠይቀው የሚመስላቸው አሉ። መብራት ባለበት ከተማ ግን ቆጣሪ የሚያነብ ሰው አለ፣ ወረፋ አለ፣ ሲጠፋ ቀድሞ የሚመጣለት ሰፈርም አለ። አስማት የመብራትን ቦታ ከወሰደ እነዚህንም ሁሉ ይወርሳል። ሕዝቡ በየቀኑ የሚፈልገውን ነገር ማን በእጁ ይዟል? ምን ያስከፍልበታል? የሚፈልጉት ሰዎችስ ያከብሩታል ወይስ ይፈሩታል? ይህ ካልታወቀ ሠንጠረዡ ቢረዝምም ታሪኩ አይነሣም።

በእንግሊዝኛ የጻፉ ቀደምት የፋንታሲ ደራስያን ጉዳዩን ገና በጠዋቱ ነቅተውበታል። ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1940 ለኅትመት ባበቃውና በኋላ «ማጂክ ኢንክ» በተባለው ሥራው አስማትን የዕለት ንግድ አደረገው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ መከራው የሚመጣበትም ገበያውን ጠቅልለው ሊይዙ ከተነሡ ወሮበሎች ነው። ራንዳል ጋሬት በ1960ዎቹ በጀመረው የሎርድ ዳርሲ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ውስጥ ጠንቋዩ ተምሮና ከቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ላሪ ኒቨን ደግሞ በ1969 አስማትን እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ሀብት አድርጎ አመጣው፤ ጠንቋዩ የአንዱን አገር ኃይል አሟጦ ሲጨርስ ጓዙን ጠቅልሎ መሰደድ ግድ ይለዋል። ሦስቱም የየራሳቸውን ማኅበረሰብ ጭንቀት በአስማት ውስጥ አስገብተዋል፦ ወሮበላና ንግድ፣ ፈቃድና ማዕረግ፣ የሚነጥፍ ጉድጓድ።

የእኛስ? ወጣቶቻችን ዘንዶና የበረዶ ቤተ መንግሥት ከሩቅ ሲያስመጡ ይገርመኛል። ዕውቀት እንደ አስማት የተቆጠረበት አገር እዚሁ አለና። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራው ባለእጅ ነበር፤ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። ያለ እነሱ አይታረስም፣ አይጋገርም። ሆኖም ቡዳ ተባሉ፤ ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ ተባለ፤ ከመንደር ዳር እንዲኖሩ ተደረገ፤ ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ከእሳት ፊት ተቀምጦ ድንጋይን ብረት የሚያደርገውን ሰው፣ ምርቱን እየገዙ ራሱን ሸሹት። ከዚህ የበረታ የፋንታሲ መነሻ ከወዴት ይመጣል?

የአስማቱን ሕግም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ደብተራው ዘንድ አለ። በብራና የሚጻፈው የጥበቃ ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። የባለቤቱ ስም በውስጡ ይጻፋል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባል። የፋንታሲ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን የአስማት ገደብ ከችሎታው ይበልጣል እያለ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው፤ የእኛ ደብተራ ገደቡን በክንድ ለክቶ አስቀምጦታል። አሁን ከዚህ ተነሥታችሁ አስቡ። ብራና ቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ፍየል ይጠይቃል። ልጅ ያድጋል፤ አምና የተለካለት ዘንድሮ ያጥረዋል። ድሃዋ እናት አቅሟ የፈቀደላት ክታብ የልጇን ጉልበት ሳይደርስ ቢቀርስ? እግሩ ያልተጠበቀ ልጅ የት የት አይሄድም? አንድ ገጸ ባሕርይ ከነመከራው ተወለደ ማለት ነው።

እኔ ብነድፍ የደብተራውን ሕግ ወስጄ በባለእጁ ሰፈር አስቀምጠዋለሁ። ደብተራው የሚፈለገው በሕመምና በጭንቅ ቀን ስለሆነ ቢፈራም ይከበራል። አስማት ቴክኖሎጂን ተክቶ የየዕለት ሥራ ሲሆን ግን፣ ዘወትር የምንፈልገውን ሠሪ እንዴት እንደያዝነው ታሪካችን አሳይቶናል። የቅጾቹንም ቁጥር የምወስነው በዚሁ ነው። አንደኛው ቅጽ አስማተኞቹ በመንደር ዳር ሳሉ ነው፤ ገበያተኛው ጨለማን ተገን አድርጎ ይመጣባቸዋል።

ሁለተኛው ቅጽ ንጉሡ ሲጠራቸው ነው። ለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ያቋቋሟትን ጋፋትን ማስታወስ ይበቃል። ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችን በአንድ መንደር ሰብስበው መድፍ አሠሯቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣውም ከዚያ ነው። ሸለሟቸው፣ አቀረቧቸው፤ በመጨረሻም ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። የንጉሥ ፍቅር የወደቀበት አስማተኛ ከመንደር ዳር ወጥቶ ወደ ምን እንደሚገባ የሚያሳይ ቅጽ ይሆናል።

ሦስተኛው የአዋጁ ቅጽ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሮም ላይ የታተመውም በዚሁ ዓመት ነው። ልቦለዳችንና አዋጁ እኩያሞች ናቸው፤ አዋጁ የነካውን ቁስል ግን እስካሁን በፋንታሲ የተጠጋነው አይመስለኝም። ሕጉ ተነበበ፣ ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ በማግስቱ ጠዋት ባለእጁ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ምንጩ ዳር የቆሙት ሰዎች ምን አደረጉ? አዋጅ የሚደርስበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የደራሲ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ሠንጠረዡን ለጊዜው አቆዩት። አስቀድማችሁ የአንድ የገበያ ቀን ጻፉ፦ ማን ምን ሊያሠራ መጣ፣ በስንት ተስማማ፣ ዋጋውን በእጁ ሰጠ ወይስ መሬት ላይ አስቀምጦለት ሄደ። ይህን አንድ ቀን በትክክል ከጻፋችሁት ለስድስቱም ቅጽ የሚበቃ ነገር ታገኛላችሁ፤ ካቃታችሁ ግን አንድ ቅጽም ይበዛል።