ተቅማጡ አልለቅ ያለ ልጅ፦ የክንድ መለኪያው ብቻ ለምን አይበቃም?

ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው አካባቢ እህል የሚትረፈረፍበት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲቀጭጭ ብዙ ቤተሰብ «ምግብ አልጎደለበትም፣ ዘሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች 46 በመቶው የመቀንጨር ችግር ታይቶባቸዋል። ብዙ ልጅ አጭር በሆነበት ቀበሌ በሕመም ምክንያት እድገቱ የቆመው ልጅ ተለይቶ አይታይም።

በጤና ኬላ የሚደረገው የምግብ እጥረት ልየታ በክንድ ዙሪያ መለኪያ ነው። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ ነው። የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። ይሁንና የተሠራው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት መቆጣት በሽታዎች ግን በልጅነት ሲጀምሩ በአብዛኛው ከዚያ ዕድሜ በኋላ ነው። ልጁ ሆዱን ስለሚያመው ይበላል ተብሎ አይበላም፤ የበላውም በደንብ አይዋሃደውም፤ በሰገራው ደም ይፈሳል። በክሮንስ ደግሞ ተቅማጡ ሳይጀምር ቁመቱ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ ቁመቱን ይለኩ። በየሦስት ወሩ በበሩ መቃን ላይ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ። ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እስከ ጉርምስና በዓመት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከ4 በታች ከሆነ ይመርመር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ክትትል ሲቋረጥ፣ ቤት ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ለሐኪሙ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

በአካባቢያችን ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ቢልሃርዝያና የአንጀት ቲቢ ከእነዚህ በሽታዎች በጣም ይበዛሉ። ሰገራ አስመርምሮ መታከም ትክክል ነው። ስህተቱ ፍላጂል ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ መዋጥ ነው። ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ካለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም በፊንጢጣው ዙሪያ ቁስል ከወጣ፣ ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ሪፈር ይጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊትም ቲቢ መመርመሩን ያረጋግጡ፤ መድኃኒቱ ቲቢን ያባብሳል።

በሽታው የተረጋገጠበት ልጅ በቀጠሮው ሁሉ ክብደቱም ቁመቱም ይለካ። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡና በጣት ሲጫኑት ከጎደጎደ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ እብጠቱ ክብደት ስለሚጨምር ልጁ የወፈረ ይመስላል። ሰባት ዓመት ሞልቶት ጾም ጀምሮ ከሆነም ለንስሐ አባቱ ሕመሙን ይንገሩ፤ ወተትና እንቁላል ለእሱ መድኃኒት ያህል ናቸው፣ የታመመም አይገደድም።