ጅቡቲን ለሚንቁ

«ጅቡቲ እኮ አገር አይደለችም፤ የሚከራይ ግቢ ናት!» ይህን አባባል ከምሁሩም፣ ከነጋዴውም፣ ከሾፌሩም አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ሳቅ ይከተለዋል። እኔን ግን አያስቀኝም። ለመሆኑ በማን ላይ ነው የምንስቀው?

እስቲ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስፋቷ 23 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ እንኳ የሌላት አገር ነበረች። ነፃነቷን አክብራ ሳትጨርስ ሁለቱ ትልልቅ ጎረቤቶቿ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ በኦጋዴን ተዋጉ። አንዱን ወገን ብትይዝ ኖሮ ዛሬ ስሟንም ባልጠራነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ግን ከማንም ሳይሰለፉ ያንን እሳት አለፉት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ደግሞ እንቁጠር። ፈረንሳይ ጦሯን አላስወጣችም። አሜሪካ ከ2001ዱ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒየን ያዘች። ጃፓን በ2011፣ ኢጣሊያ በ2013፣ ቻይና በ2017 ተከተሉ። በዓለም ዙሪያ የሚፋጠጡት አሜሪካና ቻይና በአንዲት ከተማ ዳርቻ ተጎራብተው ለአንድ አከራይ ይከፍላሉ። በ2014 ውሉ ሲታደስ አሜሪካ በዓመት የምትከፍለው ኪራይ ከ38 ሚሊዮን ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ አለ። ይህን ያደረገው ባብኤልመንደብን የሚጠብቀው የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ አይደለም፤ አከራዩ ዋጋውን ማወቁም ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይሉኛል። ልክ ነው፤ ግን ተረቱ የተተረተው ለወጪው ነው። እዚህ የሚወጡት ኃያላኑ ናቸው፤ ጅቡቲ ዛፉ ናት! አንድ ተከራይ ብቻ ያለው አከራይ ተከራዩን ይፈራል። አምስት ያለው አንዱን በሌላው ይመክታል። ታንክ የሌላት ትንሽ አገር ነፃነቷን የምትጠብቀው በዚህ ስሌት ነው።

ታዲያ ጅቡቲ አትተችም ማለቴ ነውን? በፍጹም። ግን ትችታችን ቦታውን ይሳት እንዴ? በጦር ሰፈሩ የጠበቀችውን ስሌት በብድሩ ጥላዋለች። ወደ እኛ ለሚመጣው የባቡር ሐዲድ ድርሻዋም፣ ከእኛ ለሚሄደው የመጠጥ ውኃ መስመርም የተበደረችው ከአንድ እጅ፣ ከቻይናው ኤክሲም ባንክ ነው። አምስት ወታደር ያስጠጋች አገር አንድ አበዳሪ ፊት ብቻዋን ቆመች።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። በ1999 ሥልጣን የያዙት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡን ከሕገ መንግሥቱ ሲያስወጡ ከኃያላኑ ማን ደፍሮ ተቆጣ? ተከራይ አከራዩን አያስቀይምም! የኃያላኑ ፉክክር አገሪቱን ከለላት፤ ገዢዋንም አብሮ ከለለ። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የጅቡቲ ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ስንጣላ አሰብ ተዘጋብን፤ ከዚያ ወዲህ የወጪ ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያችው በምንንቃት አገር ነው። ሌላ በር ፍለጋ በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረምን፤ ከሶማሊያ ጋር ተካረርን፤ ዓመቱ ሳያልቅም አንካራ ላይ በቱርክ ሽምግልና ተቀመጥን። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን፣ የረጅም ዘመን መንግሥትነት ታሪክ ተሸክመን፣ ያቺ «ግቢ» የምንላት አገር በ1977 የገባትን ትምህርት ገና እያጠናን ነው፤ ጎረቤትን በችኩል ፊርማ ሳይሆን በልኩ ማወቅ።

ወገኖቼ፣ ትልቅነት በካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ወደብ ደጅ የምንጠናው እኛ ባልሆንን ነበር። ጅቡቲ አምስት ተከራይ አላት፤ እኛ ያለን አንድ በር ነው። የበሩን ባለቤት መናቃችንን ትተን ጥበቧን እንማር፤ ጥፋቷንም ከእርሷ ቀድመን እንፍራ።