ከተሞች ጕድለታቸውን ይንገሩን

ከተሞቻችን ተሰብስበው ሥራቸውን ለዕይታ ማቅረብ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። በ2009 ዓ.ም. በጎንደር፣ በ2011 ዓ.ም. በጅግጅጋ፣ በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ የተደረገው የከተሞች ፎረም ለዚህ ምስክር ነው። እኛ የምንነቅፈው መገናኘቱን ሳይሆን በመገናኛው የሚነገረውን ነው። ከንቲባውና ሥራ አስኪያጁ የሠሩትን መንገድና ያስዋቡትን አደባባይ በፎቶግራፍ አስጊጠው ያሳያሉ፤ ያልተሳካላቸውን ግን አብዛኛውን ጊዜ በልባቸው ቆልፈው ይመለሳሉ።

«ጕድለትን በጉባኤ መናገር ከተማን ማዋረድ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ፈጀ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ አጠፋ። በክረምት የሚሞላ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጣት፣ ቆሻሻዋንም በዳርቻዋ የምትከምር ከተማ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መከራዎች የምታገኘው ትምህርት ከመቶ አደባባይ ፎቶግራፍ ይበልጣል። በወንዙ ዳር ማን ሠፍሯል? ክምሩስ ከፍ ሲል የሚለካው ማን ነው?

ስለዚህ ከስብሰባው ቀናት አንዱ ለጕድለት ይመደብ፤ እውነቱን የተናገረ ሹም ይመስገን እንጂ አይወቀስ፤ የተነገረውም ተጽፎ ለየማዘጋጃ ቤቱ ይላክ። ሹም ይለወጣል፤ ጎርፉና ቆሻሻው ግን በየቦታቸው ይቈያሉ። አዲሱ ሹም የፊተኛውን ስሕተት በሰው ሕይወት ዋጋ ዳግመኛ እንዲማር መተው አይገባንም።