ያልተገኘ ደብዳቤ አልተጻፈም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። መልካም ብለዋል። በእኛ ዘመን ግን ለዚህ ተረት አንድ ጅራት መቀጠል ግድ ሆኗል፦ ተጽፎ ያልተገኘ፣ አልተጻፈም።

እስኪ ከመሥሪያ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ጎራ በሉና ከሦስት ዓመት በፊት በኢሜይል የተላለፈ ውሳኔ ይፈለግልኝ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አታጡትም። «እሱን የያዘው ልጅ ተዛውሯል» ትባላላችሁ። ልጁ ሲዛወር ደብዳቤውም አብሮት ተዛውሯል፤ የመንግሥት ጉዳይ ሲመላለስ የኖረው በልጁ የግል ጂሜይል ነዋ! የይለፍ ቃሉ ያለው በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከዲማ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣው ባለጉዳይ ደግሞ «ፋይልዎ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ይመለሱ» ተብሎ ይሸኛል። ሰውዬው መሬቱን ወይም ጡረታውን ያጣው በሕግ ተረትቶ አይደለም፤ ፈላጊ በማጣት ነው።

ተገቢው ሰው ፊት በጊዜው ያልቀረበ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ሊኖር አይገባም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በዚያው ዓመት ለንደን ደረሰ። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መልስ ሳይሰጥበት አስቀመጠው። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻም ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩት። መልስ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። የቀረውን መቅደላ ትናገራለች፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.። እርግጥ ለጦርነቱ ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው። ቢሆንም አንድ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ መረሳቱ ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ሲቆጠር ይኖራል።

ልብ በሉ፣ ያ ደብዳቤ መልስ ባያገኝም አልጠፋም። ዛሬም እንግሊዝ አገር አለ። ስዊድናዊው የታሪክ ምሁር ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ደብዳቤዎችና ውሎች ሰብስቦ «አክታ ኤትዮፒካ» በሚል ርእስ ሲያሳትም፣ እጅግ ብዙውን ያገኘው ከባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት ነው። የጻፍነውን ባዕድ አስቀመጠልን፤ የተጻፈልንን ግን እኛ ስንቱን አስቀመጥን? የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም?

«ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ ጎግል ይፈልግልናል» የሚለኝ አይጠፋም። ይፈልጋል፤ በሩ እስከተከፈተልህ ድረስ። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቋል። ያ የተዛወረው ልጅ የድሮ አድራሻውን ከረሳው እኮ፣ የወረዳው ታሪክ በቀጠሮ ይሞታል ማለት ነው። ደግሞም እኛ የአማራ ክልል ሰዎች ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ሲቀር አይተናል። ደብዳቤው ሁሉ ባሕር ማዶ በተቀመጠ ማሽን ላይ ብቻ ያለ ሰው፣ መስመር በተቆረጠ ቀን የገዛ ቃሉን ማንበብ ይሳነዋል።

መፍትሔው ውድ ነው እንዳትሉኝ። ኖትማች የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ባረጀ ኮምፒውተርም ላይ የሚሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፣ ኤምቢሲንክን በመሰለ መሣሪያ ደብዳቤው ሁሉ ከሩቁ ማሽን ወደ ራስ ኮምፒውተር ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ኖትማች ሴትአፕ» ተብሎ ሲጻፍ ፕሮግራሙ ስምህን፣ አድራሻህንና ደብዳቤው ያለበትን ቦታ ይጠይቃል። ቀጥሎ «ኖትማች ኒው» ስትለው ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ ማውጫ ያበጃል፤ ይህ ቃል በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ይገኛል የሚል ማውጫ። የመጀመሪያው ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው አዲስ የገባውን ብቻ ነው። በመጨረሻም «ኖትማች ሰርች» ብለህ የላኪውን ስም፣ ቀኑን ወይም አንድ ቃል ስትሰጠው ደብዳቤው ከተፍ ይላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ ትጉህ ወጣት በሁለት ቀን ይተክለዋል።

እዚህ ላይ ግን የራሳችን ጉድ ይመጣል። ማሽኑ «ሠራተኛ»ንና «ሰራተኛ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ እንዳሻን እያቀያየርን የጻፍነው ሁሉ ተበታትኖ ይቀራል። «የሠራተኛ»፣ «ለሠራተኛ»፣ «በሠራተኛ» ስንልም ያው ነው፤ የቃሉን ጅራት ቆርጦ መፈለግ ይቻላል፣ ራሱን ቆርጦ መፈለግ ግን አይሆንም። ሐዲስ ዓለማየሁን ካስተማሩት አንዱ በሆነው በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ይህ የፊደል ጉዳይ የዋዛ አይደለም፤ ሠውን ሰ ያለ ተማሪ ምሥጢር አፈረሰ ይባላል። የሞክሼ ፊደላትን ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ የተጻፈውን ሳይነኩ በፍለጋ ጊዜ ብቻ አንድ የሚያደርግ መሸጋገሪያ ማበጀት ያስፈልጋል። የቅኔ መምህሩና ፕሮግራመሩ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ ወር ሥራ ነበር።

ሁለተኛው ጉድ ማኅተም ነው። ደብዳቤውን በኮምፒውተር እንጽፋለን፣ እናትማለን፣ እንፈርማለን፣ ማኅተም እንመታለን፣ ከዚያ ስካን አድርገን «ስካን 001» ብለን በአባሪ እንልካለን። ኢሜይሉ ራሱ ባዶ ነው። ማውጫው ታዲያ ምን ያንብብ? የፋይሉን ስም ብቻ! ፍሬ ነገሩን በሁለት መስመር ኢሜይሉ ላይ መጻፍ ማንን ገደለ?

«እንዲህ ያለ ነገር ለሰላዮች ይመቻል» የሚሉ አሉ። እነዚህን አልንቃቸውም። የተበታተነ ደብዳቤ ድሀውን የሚጎዳውን ያህል፣ የተሰበሰበም በክፉ እጅ ሊጎዳው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የወጣው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ማን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈልግ ይወሰን፤ የፈለገም ሰው ስሙ ይመዝገብ። ግን ሌባን ፈርቶ ጎተራ የማይሠራ ገበሬ አለ? ደግሞስ ዛሬ ደብዳቤው ያለው የት ነው? ማንም ሳይቆጣጠረው በየሠራተኛው ስልክ ውስጥ አይደለም?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አለመገኘቱ የሚመቻቸው አሉ። ያልተገኘ ደብዳቤ ማንንም አይከስም። «አላዘዝኩም» ለማለት፣ «አልደረሰኝም» ለማለት፣ እንዲያም ሲል እጅ መንሻ ለመቀበል ከጠፋ ፋይል የተሻለ ወዳጅ የለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ለዜጋ መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ፈልጎ ማግኘት በማይችል መሥሪያ ቤት ፊት ግን ይህ መብት ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በመሥሪያ ቤት አድራሻ ይጻፍ። ደብዳቤው በየማታው ወደ ራሳችን ማሽን ይውረድ፣ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ማውጫ ይበጅለት። የሚሰናበት ሠራተኛ የጠረጴዛውን ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሁሉ ደብዳቤውንም አስረክቦ ይሂድ። ይህን ማድረግ ያልፈለገ ኃላፊ ምክንያቱን ይንገረን፤ በጽሑፍ፣ በሚገኝ ቦታ።