ሁለት ባላ ተክሎ ጭላሎን መጋፈጥ

አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። ለጎጆ ትክክል ነው፤ ለእንጀራም ትክክል ነው። ሰማይ ላይ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በትናንሽ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ አንደኛው ባላ ሲነቀል፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው አደጋው የሚደርስበት ቦታ ድረስ ለመውሰድ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አብራሪዎች እርስ በርሳቸው ሲቀልዱበት የኖሩት ጨዋታ ነው። ቀልዱ ውስጥ ግን የሰው ሬሳ አለ።

«ደግሞ የአሰላ ሰው ስለ አውሮፕላን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል እንጂ! እርግጥ ነው፣ እኛ የአርሲ ደጋ ሰዎች አውሮፕላን የምናየው አንጋጠን ነው፤ የምንሳፈረው ሚኒባስ ነው። ነገር ግን ትናንሽ አውሮፕላኖችን የሚገድሉትን ሁለት ነገሮች በደንብ እናውቃቸዋለን። አንዱ የሳሳ አየር ነው። ሌላው ተራራ ላይ የተኛ ደመና ነው።

በአየሩ እንጀምር። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቆጂ ደግሞ ከእሷም ትበልጣለች። ኃይሌ ገብረሥላሴን ከአሰላ አካባቢ፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ከበቆጂ ያፈራው ይኸው የሳሳ አየር ነው ሲባል እንሰማለን። በሳሳ አየር የሮጠ ልጅ ሳንባው ይጎለብታል። ሞተር ግን ልምምድ አያውቅም። የሚሰጡትን አየር ስቦ የዚያኑ ያህል ይሠራል፤ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ አሰላ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተራ የፒስተን ሞተር የሚስበው አየር በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው አየር ሳስቷል፤ ክንፉ የሚደገፍበት አየርም ሳስቷል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከተነሳ በኋላም ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል። ይህ እንግዲህ ሁለቱም ሞተሮች ጤነኛ ሆነው ሳለ ነው።

አሁን አንዱ ሞተር ጠፋ እንበል። «ግማሽ ጉልበት ቀረው፣ በግማሹ ይሄዳል» የሚል ካለ የአርሲን ገበሬ ይጠይቅ። ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ አንዱ ቢወድቅበት ግማሽ እርሻ አያርስም። ቀንበሩ ይጣመማል፣ የቀረው በሬ ወደ ጎን ይጎትታል፣ ማረሻውም ከትልሙ ይወጣል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የቆመው ፕሮፔለር ንፋሱን ይገታል፤ የሚሠራው ሞተር ደግሞ አፍንጫውን ወደ ሞተው ወገን ያዞረዋል። አብራሪው የጭራውን መሪ በእግሩ ረግጦ ማቅናት፣ የቆመውን ፕሮፔለር ስለቱን ወደ ንፋሱ ማዞር አለበት። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ግን የጭራው መሪ አቅም ያጣል። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ወደ ሞተው ሞተር ተገልብጦ ይወድቃል። መሬት አጠገብ ከሆነ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ በሴኮንድ የሚቆጠር ነው።

አንድ ሞተር የጠፋበት ትንሽ አውሮፕላን ያጣው ጉልበት ግማሽ ቢሆንም ሽቅብ የመውጣት አቅሙ ግን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይጠፋል። ቢችክራፍት ባሮን 58 የሚባል ታዋቂ ባለሁለት ፒስተን ሞተር አውሮፕላን አለ። ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ ሞተር ደህና አድርጎ ሊወጣ የሚችለው እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። አሰላ ደግሞ ከቦሌ ትበልጣለች። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። እኛ አገር መሬቱ ራሱ ከጣሪያው በላይ ነው!

ሌላም ጉድ አለ። ሁለት ባላ ሲተከል ሁለቱንም አንድ ምስጥ ሊበላቸው ይችላል። ውኃ የተቀላቀለበት ነዳጅ ከአንድ በርሜል ተቀድቶ ሁለቱንም ሞተር ይገባል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ትንሽ አውሮፕላን አልነበረም። ነገር ግን የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ ሁለቱንም ነጠቀው። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሁለት ሞተር ማለት ሁለት ዕድል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ገዳይ፣ ወደ ደመናው እንሂድ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የሚያልቀው ሞተር ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ጤነኛ አውሮፕላን፣ ጤነኛ አብራሪ ይዞ፣ ደመና ውስጥ ከተራራ ጋር ይላተማል። ጭላሎ፣ ባዳና ካካ ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ለቀናት ከዓይን ይጠፋሉ፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ወዴት እንደቆሙ በግምት ነው የሚያሳየው። ታዲያ ከደመናው በታች ሆኖ መሬት እያየ የሚበር አብራሪ ምን ይዋጠው? ሸለቆው እየጠበበ ይሄዳል፤ መሬቱ ከፍ ይላል፤ ደመናው ይወርዳል። ልዙር ቢል የሳሳ አየር ላይ ለመዞር ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። ልውጣ ቢል ጉልበት የለም።

«ይሄ ለፒስተን ነው፤ ተርባይን ያለው ይሻላል» የሚል አዋቂ ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ይሻላል። ካናዳ የተሠራው ትዊን ኦተር ባለሁለት ተርባይን ነው፤ በአጭር ሜዳ ተነስቶ በአጭር ሜዳ የሚያርፍ ጠንካራ አውሮፕላን ነው። አየር መንገዳችንም ለዓመታት በየገጠሩ ሠርቶበታል። ነገር ግን ተራራ ጠንካራና ደካማ አይለይም።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ተነሳ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የቴክሳሱ ሚኪ ሌላንድ ነበር። በክረምት ሰማይ ከተራራ ጋር ተላተመ፤ 16ቱም ሞቱ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። በሂዩስተን ከተማ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በሌላንድ ስም ተሰይሟል፤ ይገባዋል። አብረውት የሞቱት ኢትዮጵያውያንስ? ስማቸውን የሚጠራ ስንቱ ነው?

ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአየር ኃይል ትዊን ኦተር ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ሲጓዝ ወደቀ። የመከላከያ አባላትና ሲቪሎች፣ በድምሩ 18 ሰዎች አለቁ።

ሁለቱም ትዊን ኦተር። ሁለቱም የመንግሥት። ሁለቱም በነሐሴ። ነገር ግን መገጣጠም ምክንያት አይሆንም። ምክንያት የሚነግረን ምርመራ ነው። እኔም ብዕሬን ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከደረሰ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ እዚያው ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት በ25 ቀን ውስጥ ወጣ፤ ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ ለዓለም አነበቡት። አውሮፕላኑ በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ፣ ስህተቱ ታርሞ ነው የተመለሰው። እንግዲህ ምርመራ አንችልም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ችለናል! ያውም ቦይንግን የሚያህል ኩባንያ ፊት ቆመን።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሕጉ ነው። በ1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የአቪዬሽን ስምምነት ለሲቪል አውሮፕላን እንጂ ለወታደር፣ ለፖሊስና ለጉምሩክ አውሮፕላን አይሠራም። የሲቪል ሲወድቅ በ30 ቀን የመጀመሪያው ሪፖርት፣ ከተቻለ በ12 ወር ደግሞ የመጨረሻው ይጠበቃል። የወታደር አውሮፕላን ሲወድቅ ግን ለማንም መናገር ግዴታ የለም። ለቤተሰብ የሚደርሰው የሐዘን መግለጫና «ምክንያቱ በመጣራት ላይ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሆነ፣ ሟች እንደ ዕቃ ተቆጥሯል ማለት ነው።

«ወታደራዊ ምስጢር ነው» ይሉናል። የማላዊን ነገር እንይ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የማላዊ ጦር ባለሁለት ሞተር ዶርኒየር 228 ምክትል ፕሬዚዳንቱን ሳውሎስ ቺሊማን ይዞ ወደ ምዙዙ ሄደ። በአየሩ ክፋት ማረፍ አቅቶት ሲመለስ ቺካንጋዋ ደን ላይ ወድቆ ዘጠኙም ሞቱ። አውሮፕላኑ የጀርመን ሥሪት ነውና የጀርመን መርማሪ መሥሪያ ቤት ያገኘውን ለሕዝብ አወጣ። የበረራ መቅጃ አልነበረውም፤ አደጋ ሲደርስ ቦታውን የሚጠቁመው መሣሪያ ባትሪም ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ ሲነገር የማላዊ ጦር ምን ጎደለበት? ጊዜው ያለፈበት ባትሪ ለጠላት ምስጢር ነው? ተራራ ምስጢር ነው? ደመና ምስጢር ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የወታደርም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አውሮፕላን ሰው ጭኖ ሲወድቅ፣ እውነተኛው ምስጢር ተሸፍኖ፣ ምክንያቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይነገረን፤ ይህም በሕግ ይደንገግ። ሰው የሚጭን ትንሽ አውሮፕላን ሁሉ ተራራ ሲቃረብ የሚጮህ መሣሪያና የሚሠራ የአደጋ ጠቋሚ ይኑረው። ጭነቱ በሚዛን እንጂ በዓይን አይለካ። ከሁሉ በላይ፣ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አልሄድም» ያለ አብራሪ በአለቃ ግልምጫ እንጀራውን አይጣ። ባለሥልጣን ተሳፍሮ «ስብሰባ ያመልጠኛል» ሲል፣ እምቢ የሚል አብራሪ ነው ሁሉንም ለቤታቸው የሚያበቃቸው።

ከዚህ ሁሉ አንዱም የአገሪቱን ካዝና አያራቁትም። አደጋ ያስተምራል የሚባለው የተማረ ሲኖር ነው። ምክንያቱ በመሳቢያ ከተቆለፈ ቀጣዩ አብራሪ የቀደመውን ስህተት እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ ሂሳቡን የሚከፍሉት ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት ናቸው። ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ጭላሎም ከቦታው አይነቃነቅም። ሊነቃነቅ የሚችለው የእኛ ዝምታ ብቻ ነው።

ቸር ያሰማን።